ለቢሮ ፕሮክሲ የትኛው የተጠቃሚ ማረጋገጫ ይሻላል?

ጅማ መርካቶ አካባቢ በሚገኝ አንድ የቡና አቅራቢ ቢሮ የስምንት ኮምፒውተሮችን ፕሮክሲ (የቢሮውን የኢንተርኔት ግንኙነት የሚያስተላልፍ አማካይ ሰርቨር) ስፈትሽ፣ የሒሳብ ሠራተኛዋን አስፈቅጄ የመስመሩን ፍሰት በዋይርሻርክ (በኔትወርክ የሚያልፈውን መረጃ በሚያሳይ ፕሮግራም) ተመለከትኩ፤ የፕሮክሲ የይለፍ ቃሏን ለማንበብ አንድ ደቂቃ አልፈጀብኝም። «የምከፍተው የባንክ ገጽ እኮ የቁልፍ ምልክት አለው!» አለችኝ። ቁልፉ የሚጠብቀው ከባንኩ ጋር የምትለዋወጠውን ነው። ፕሮክሲው ግን 407 በሚለው ምላሽ ማንነቷን የሚጠይቀው ወደ ባንኩ የሚወስደው ምስጢራዊ መስመር ከመዘርጋቱ በፊት ስለሆነ፣ ስሟና የይለፍ ቃሏ በቢሮው ኔትወርክ ላይ በቤዝ64 ተጽፈው ያልፋሉ፤ ቤዝ64 ደግሞ የአጻጻፍ ለውጥ እንጂ ምስጠራ አይደለም።

ስለዚህ ገዢ አስቀድሞ ሊጠይቅ የሚገባው፣ ከአሳሹ እስከ ፕሮክሲው ያለው መስመር ራሱ በቲኤልኤስ (የባንኩ ገጽ የቁልፍ ምልክት በሚያመለክተው የምስጠራ ስልት) ይመሰጠር እንደሆነ ነው። ከተመሰጠረ፣ ቤዚክ የተባለው፣ ከላይ እንዳየነው ስምና የይለፍ ቃልን በቤዝ64 የሚልከው ቀላሉ ስልት ለአነስተኛ ቢሮ ይበቃል ባይ ነኝ። ስኩዊድ የተባለው የፕሮክሲ ሶፍትዌር ይህን ያለ ክፍያ ይሠራል፤ ክሮምና ፋየርፎክስም በፓክ ፋይል (የትኛውን ፕሮክሲ እንደሚጠቀሙ ለአሳሾች በሚገልጽ ፋይል) ከተነገራቸው ይቀበሉታል፤ የሚያስፈልገው ኮምፒውተሮቹ የሚያምኑት ዲጂታል የምስክር ወረቀት ብቻ ነው።

ዳይጀስት የተባለው ስልት የይለፍ ቃሉን እንዳለ አይልክም፣ ከእሱ የተሰላ አሻራ እንጂ፤ ሆኖም እ.ኤ.አ. በ2015 የወጣው ደረጃ ጠንካራውን የአሻራ ማስያ ኤስኤችኤ-256ን ቢፈቅድም፣ በተግባር የሚገኘው አብዛኛውን ጊዜ ያረጀው ኤምዲ5 ስለሆነ ተጨማሪ ገንዘብ አላወጣበትም።

ኬርቤሮስ የተባለው፣ በይለፍ ቃል ፈንታ ጊዜያዊ ዲጂታል ትኬት የሚያሳየው ስልት ምቹ ነው፤ ሠራተኛው ጠዋት ኮምፒውተሩን ከከፈተ በኋላ ዳግም አይጠየቅም፣ የይለፍ ቃሉም በመስመሩ አይጓዝም። ነገር ግን የዶሜይን ሰርቨር (የቢሮውን ተጠቃሚዎችና ኮምፒውተሮች በአንድ ቦታ የሚያስተዳድር) ይፈልጋል፤ የኮምፒውተሩና የሰርቨሩ ሰዓት በተለመደው ቅንብር ከ5 ደቂቃ በላይ ከተለያየም አያስገባም። መብራት በሚቆራረጥበትና የማዘርቦርዱ ባትሪ ባለቀበት ቢሮ፣ ኮምፒውተሩ በተነሣ ቁጥር ሰዓቱ ወደ ኋላ ስለሚመለስ ባለሙያ መጥራት ሊዘወተር ይችላል።

በየኮምፒውተሩ የሚጫን የምስክር ወረቀት ከሁሉም ይጠነክራል። ለስምንት ኮምፒውተሮች አይከብድም፤ ተማሪዎች በሚፈራረቁበት የኮሌጅ ቤተ ሙከራ ግን የሚለየው ማሽኑን እንጂ የተቀመጠበትን ሰው አይደለም።

ሻጩ «ኮምፒውተሮቹን ሳንነካ እያንዳንዱን ተጠቃሚ በይለፍ ቃል እናረጋግጣለን» ካለ፣ እንዴት እንደሆነ በዝርዝር ያስረዳ። አሳሹ ፕሮክሲ መኖሩን ካላወቀ ለ407 ጥያቄ መልስ አይሰጥም፤ የሚቀርብልዎት የመግቢያ ገጽ ሳይሆን አይቀርም፣ እሱም አብዛኛውን ጊዜ የሚያስታውሰው የኮምፒውተሩን የአይፒ አድራሻ (የኔትወርክ ቁጥሩን) እንጂ ሰውየውን አይደለም።