በአሽዶድ ለሰፈራችን የጆርጂያ ዳቦ ቤት ምስጋና፣ ለምትሄዱም ጥቆማ

በሰፈራችን ላለው የጆርጂያ ዳቦ ቤት፣ ጎህ ሳይቀድ ፍም ላይ ለሚያጎነብሱት ጋጋሪዎችና ባንኮኒው ላይ ለሚያስተናግዱን እናት ከልብ የመነጨ ምስጋና ይድረስ። ከምንም በላይ የምናመሰግናቸው ሰዓቱ ያልደረሰ ነገር ስለማይሸጡ ነው። ኬኩ ክሬሙን ገና ካልጠጣ «ነገ ኑ» ይላሉ፤ ዳቦው ካለቀ የትናንቱን አሙቀው አይሰጡም፣ «ቀጣዩ እስኪወጣ ጠብቁ» ይላሉ። አሽዶድ ከ1970ዎቹ መጀመሪያ አንስቶ ብዙ የጆርጂያ አይሁዶች የሰፈሩባት የእስራኤል ከተማ ናት፤ ከኢትዮጵያ የመጣው የእኛም ሰው ጎረቤታቸው ነው። ሆኖም ከእኛ ብዙው አንዴ ኻቻፑሪ፣ ማለትም አይብ ያለበትን የጆርጂያ ዳቦ ይገዛል፣ ቤቱ ሲደርስ የደረቀ አይብ ያገኛል፣ ዳግም አይመለስም። ጥፋቱ የምግቡ አይደለም፤ የሰዓቱና የአያያዙ ነው።

በዳቦው እንጀምር። ቶኔ የሚሉት ምድጃ ከሸክላ የተሠራ፣ እንደ ትልቅ ጋን አፉ ወደ ላይ የተከፈተ ነው። እሳቱ ከታች ነው፤ ሊጡ የሚለጠፈው ግን ውስጠኛው ግድግዳ ላይ ነው። ጋጋሪው ሊጡን በሁለት እጁ ስቦ ጫፍና ጫፉን ያሾላል፣ ጀርባውን በጨው ውሃ ያርሳል፣ ከዚያ ምድጃው ውስጥ ጎንበስ ብሎ ይለጥፈዋል። ግድግዳው በቅጡ ካልጋለ ሊጡ አይይዝም፣ ተንሸራቶ ፍሙ ላይ ይወድቃል። ከመጠን በላይ ከጋለ ደግሞ ጀርባው አርሮ መሃሉ ሊጥ ይቀራል። ይህን የሚለየው የጋጋሪው እጅና ዓይን ነው፤ ምስጋናችንም ለዚያ ልምድ ነው። ይህ ሁለት ጫፉ የሾለው ዳቦ ሾቲ ይባላል። ጫፎቹ ቀጭን ስለሆኑ ይንኮሻኮሻሉ፣ መሃሉ ለስላሳ ነው።

ሾቲ ዱቄት፣ ውሃ፣ ጨውና እርሾ እንጂ ዘይትም ስኳርም የለበትም፤ ስለዚህ ቶሎ ይደርቃል። የጠዋቱ ለማታ ይጠነክራል። ትኩሱን ፌስታል ውስጥ አትክተቱት፣ እንፋሎቱ ቅርፊቱን ያላላዋል፤ በወረቀት ይዛችሁ ሂዱ። ለሌላ ቀን የምትፈልጉትን እንደቀዘቀዘ በዚያው ቀን ፍሪዘር አስገቡት። ስታወጡት እጃችሁን ውሃ ነክራችሁ ላዩን አርሱት፣ በ200 ዲግሪ ኦቨን ውስጥ 5 ደቂቃ ያህል ይበቃዋል። ማይክሮዌቭ ግን ላስቲክ ያደርገዋል።

ኻቻፑሪ አንድ ዓይነት አይደለም፣ ስሙን ለይታችሁ እዘዙ። ኢሜሩሊ እንደ አምባሻ ክብና ጠፍጣፋ ሆኖ አይቡ ውስጡ የታሸገ ነው። ሜግሩሊ የሚባለው ያው ሆኖ ላዩም ላይ አይብ ይጨመርበታል። ፔኖቫኒ በቅጠል በቅጠል በሚነሳ የቅቤ ሊጥ የሚታጠፍ ነው፤ ለመንገድ ከሁሉም የሚመቸው እሱ ነው። በጥሩ ኢሜሩሊ ሊጡና አይቡ በሚዛን እኩል ይቀራረባሉ፤ ለ300 ግራም ሊጥ 300 ግራም አይብ ገደማ። ቆርጣችሁ ስታዩት ሊጡ ወፍሮ አይቡ እንደ ወረቀት ከሳሳ ቤቱን ቀይሩ። የእኛዎቹ በዚህ አይቆጥቡም።

ቤት ውስጥ ለምትሞክሩት፣ በእኛ አይብ አይሆንም። የእኛ አይብ ከአሬራ ተሞቆ የሚረጋ በመሆኑ እሳት ሲነካው አይቀልጥም፣ ይፈረፈራል እንጂ አይሳብም። ሞዛሬላን በእስራኤል ከሚሸጡት ነጭ አይቦች፣ ከቡልጋሪት ወይም ከጽፋቲት ጋር ቀላቅሉ። ቡልጋሪት ጨው ይበዛበታልና ቆራርጣችሁ ቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ አንድ ሁለት ሰዓት ዘፍዝፉት፣ ከዚያ ጥሩ አድርጋችሁ ጭመቁት። ውሃው ካልወጣ አይቡ ስፌቱን ቀዶ ይፈስሳል፣ የታችኛው ሊጥም ጥሬ ይቀራል። መሃሉን በጣት መብሳትም አትርሱ፤ እንፋሎቱ መውጫ ካጣ እንደ ኳስ ተነፍቶ ይቀደዳል።

አጃሩሊ የጀልባ ቅርጽ ያለው ነው፣ ከጥቁር ባሕር ዳርቻዋ ከአጃራ የመጣ። አይቡ ላይ የእንቁላል አስኳልና ቅቤ ይቀመጣል። ይህ የሚበላው እዚያው ተቀምጦ ነው። እንደመጣ አስኳሉን፣ ቅቤውንና አይቡን በሹካ አማስሉ፤ ጫፉን እየቆረሳችሁ አጥቅሱ። ፎቶ እያነሳችሁ ካቆያችሁት አስኳሉ ይረጋል፣ አይቡም ይጠነክራል። ወደ ቤት የምትወስዱ ከሆነ «ያለ እንቁላል» በሉ፤ ቤት ስትደርሱ በ220 ዲግሪ ከ5 እስከ 7 ደቂቃ አሙቁት፣ አስኳሉን ያኔ ጨምራችሁ አንድ ደቂቃ መልሱት።

ሎቢያኒ ውስጡ የተቀቀለና የተፈጨ ቦሎቄ ያለበት ዳቦ ነው፤ ቀይ ሽንኩርትና ቅመም አለበት፣ ከአይቡ ይልቅ መቆየት ይችላል። ከሻይ ጋር ግን ናዙኪን አስቀድሙ። ቀረፋ፣ ቅርንፉድና ዘቢብ ያለበት፣ ላዩ በአስኳል የተቀባ ጣፋጭ ዳቦ ነው፤ ለቡናም ይስማማል።

ወደ ኬኩ ስንመጣ የማር ኬካቸውን አጥብቀን እንመክራለን። ማሩ ከቅቤ፣ ከስኳርና ከእንቁላል ጋር ይሞቃል፣ ሶዳ ሲገባበት አረፋ ይሠራል፤ ሊጡ 2 ወይም 3 ሚሊ ሜትር እስኪሆን ይዳመጥና እያንዳንዱ ቅጠል ለብቻው ጥቂት ደቂቃ ይጋገራል። ከምድጃ ሲወጣ እንደ ብስኩት ደረቅ ነው። ክሬም ተቀብቶ 7 ወይም 8 ቅጠል ሲደራረብና ማቀዝቀዣ ውስጥ ሲያድር ነው የሚለሰልሰው። እንደተሠራ ከተቆረጠ ይሰባበራል፣ ክሬሙም ወደ ጎን ይወጣል። «ነገ ኑ» የሚሉት ለዚህ ነውና አትቀየሟቸው። ናፖሊዮን የሚባለው ስስ ቅጠሎቹ በክሬም የሚደራረቡ ኬክም እንደዚሁ ማደር ይወዳል። ለልደት ወይም ለባር ሚጽቫ (ለወንድ ልጅ የ13 ዓመት በዓል) ቢያንስ ከሁለት ቀን በፊት እዘዙ፤ 2 ኪሎ ኬክ ለ12 ወይም ለ13 ሰው ይበቃል።

የካሽሩት፣ ማለትም የአይሁድ የምግብ ሕግ ማረጋገጫ ወረቀታቸው ግድግዳው ላይ ተለጥፏል። ኻቻፑሪና ክሬም ያላቸው ኬኮች ወተት ስለሆኑ ከሥጋ ግብዣ ጋር አይሄዱም። ለዚያ ጎዚናኪ አለ፤ ማርና ዋልነት ነው። ማሩ በቂ ካልፈላ ጥርስ ላይ ይጣበቃል፣ ካለፈበት ይመራል፤ የእነሱ ቀጥ ብሎ ይሰበራል። ዋልነት የማይስማማው ሰው ያላችሁ ግን ስታዙ አስቀድማችሁ ተናገሩ፤ በጆርጂያ ጣፋጮች ውስጥ ዋልነት ብዙ ነው፣ ቢላውና ጠረጴዛውም አንድ ነው።

ዓርብ ሰንበት ስለሚገባ በጊዜ ይዘጋሉ፣ ወረፋውም ይረዝማል። ለሰንበት የምትፈልጉትን ሐሙስ ተናግራችሁ ዓርብ በማለዳ ውሰዱ። ባንኮኒው ላይ ያሉትን እናት በቋንቋቸው «ማድሎባ» ብላችሁ አመስግኑልን፤ የትኛው ትሪ አሁን እንደወጣም ጠይቋቸው፣ በትክክል ይነግሯችኋል።