ስትሪምሊት ለቡና መረከቢያ፦ ያለ ኢንተርኔት ይሠራል፣ ጠባዩን ማወቅ ግን ግድ ነው

ጅማና አካባቢዋ እሸት ቡና ለሚረከብ ሰው መመዝገቢያ ገጽ መሥራት ለሚፈልግ ስትሪምሊትን፣ ማለትም በፓይተን የፕሮግራም ቋንቋ ድረ ገጽ መሥሪያ የሆነውን ላይብረሪ፣ አስቀድሜ እመክራለሁ። ፓይተን የሚችል ሰው ኤችቲኤምኤልም ጃቫስክሪፕትም ሳይነካ ይጨርሰዋል። ፕሮግራሙ ላይ አንድ መስመር ሲጻፍ ብሮውዘሩ ላይ የቁጥር ሳጥን ወይም ስላይደር ይወጣል፤ ተጠቃሚው ያስገባው ቁጥርም ተመልሶ ፕሮግራሙ ውስጥ ይገኛል። ለምሳሌ አንድ ሳጥን ለእሸቱ ኪሎ፣ አንድ ከ5 እስከ 7 የሚሄድ ስላይደር ለማካፈያው (አንድ ኪሎ ንጹህ ቡና ለሚወጣው ስንት ኪሎ እሸት እንደሚያስፈልግ) አድርጉ። 510 ሲገባና ስላይደሩ 6 ላይ ሲቆም 85 ኪሎ ንጹህ ቡና፣ ማለትም 5 ፈረሱላ ወዲያው ይታያል። ይህ ሁሉ ከአሥር መስመር አይበልጥም።

ከምንም በላይ የምወድለት ኢንተርኔት አለመጠየቁን ነው። ገጹን የሚያቀርበው ላፕቶፑ ራሱ ስለሆነ በስልክ ሆትስፖት የተያያዙ ስልኮች የላፕቶፑን አድራሻ ከፖርት 8501 ጋር ጽፈው ይከፍቱታል። አልከፍት ካለ መጀመሪያ የላፕቶፑን ፋየርዎል እዩ። መጫኑ ግን ከበድ ይላል፤ ፓንዳስና ፓይአሮው የሚባሉ ሌሎች ላይብረሪዎች አብረው ይወርዳሉ። ጥሩ ኔትወርክ ባለበት በፒፕ (በፓይተን ላይብረሪ መጫኛ) አውርዶ በፍላሽ መውሰድ ይሻላል፣ የሁለቱ ኮምፒውተሮች የፓይተን ቨርዥንና ኦፕሬቲንግ ሲስተም አንድ እስከሆነ ድረስ።

ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው፦ አንድ ነገር በተነካ ቁጥር ፕሮግራሙ ከመጀመሪያው መስመር እስከ መጨረሻው እንደገና ይሮጣል። «መዝግብ» የሚለው በተን እውነት የሚሆነው ለዚያች አንድ ሩጫ ብቻ ነው። ስለዚህ በሱ ሥር «አረጋግጥ» የሚል ሌላ በተን ብታስቀምጡ፣ ሁለተኛው ሲነካ የመጀመሪያው ወደ ሐሰት ይመለስና ሥሩ ያለው ሁሉ ይጠፋል፤ ምዝገባውም አይፈጸምም። መድኃኒቱ ሁኔታውን ሴሽን ስቴት (በሩጫዎቹ መካከል ለእያንዳንዱ ተጠቃሚ የሚቆይ ማስታወሻ) ውስጥ ማስቀመጥ ነው። ሳጥኖቹን በሙሉ ፎርም ውስጥ ካስገባችኋቸው ደግሞ ማስገቢያው እስኪነካ ድረስ ምንም አይላክም። ሲላክ ሳጥኖቹ እንዲጸዱ ማዘዝን አትርሱ፣ አለዚያ ያው ሚዛን ሁለት ጊዜ ሊመዘገብ ይችላል።

ሴሽን ስቴትን ግን እንደ መዝገብ አትመኑት። ስልኩ ላይ ገጹ ሪሎድ ሲደረግ ወይም ላፕቶፑ ሲጠፋ የያዘው ሁሉ ይሄዳል። መብራት ሲሄድ ላፕቶፑ በባትሪ ትንሽ ይቆያል እንጂ አይዘልቅም፤ እያንዳንዱ ሚዛን እንደገባ ወደ ኤስኪውላይት (በአንድ ፋይል ወደሚቀመጥ ዳታቤዝ) መጻፍ አለበት። ከዳታቤዙ ጋር የሚያገናኘውን ኮኔክሽን አንዴ ከፍቶ ለሁሉም ማጋራት ደግሞ የስረድ (በፕሮግራሙ ውስጥ ጎን ለጎን የሚሄድ ሥራ) ስህተት ያመጣል፣ ስትሪምሊት ተጠቃሚዎችን በተለያየ ስረድ ስለሚያስኬድ። በየምዝገባው መክፈትና መዝጋት ቀላሉ ነው።

አማርኛው ገጹ ላይ ጥሩ ይወጣል። በማትፕሎትሊብ (በፓይተን ግራፍ መሣያ) የተሠራ ግራፍ ላይ ግን በፊደሉ ፈንታ ባዶ ሳጥን ይደረደራል፣ አብሮት የሚመጣው ፎንት የግዕዝ ፊደል ስለሌለው። ኖቶ ሳንስ ኢትዮፒክ የሚባለውን ፎንት ጭኖ በስም መጥራት ይፈታዋል።

ቅር የሚያሰኘኝ የቀን መምረጫው ነው፤ የሚያውቀው የፈረንጅ አቆጣጠር ብቻ ነው። ለረካቢው ቀን፣ ወርና ዓመት የሚመረጥባቸው ሦስት ዝርዝሮች አዘጋጁለት፤ ወሮቹ 13 ይሁኑ፣ ጳጉሜን ሲመረጥ ቀኑ ከ5 ወይም ከ6 እንዳይበልጥ። መስከረም 1 አብዛኛውን ጊዜ ሴፕቴምበር 11፣ በየ4 ዓመቱ ግን 12 ስለሚውል በአንድ ቋሚ ልዩነት መቀየር አንድ ቀን ያሳስታል፤ ስህተቱም የሚወጣው ገበሬው ሒሳቡን ሊጠይቅ ሲመጣ ነው።