ፎርማት ከማስደረጋችሁ በፊት፦ በዊንዶውስ 10 ውስጥ ስላለው ሰማያዊ የጥገና ገጽ

የምገመግመው ከሱቅ የሚገዛ ዕቃ አይደለም። ዊንዶውስ 10 የተጫነበት ኮምፒውተር ከራሱ ጋር ይዞት የሚመጣው፣ በደኅና ጊዜ የማይታይ፣ ማሽኑ አልነሳ ሲል ግን ብቅ የሚል ሰማያዊ የጥገና ገጽ ነው። ብዙ ሰው ሲያየው ደንግጦ ያጠፋዋል። እኔ ግን የሰፈራችን እድር መዝገብ የተረፈው በእርሱ ስለሆነ፣ ኮምፒውተራቸው ተበላሽቶ «ፎርማት መደረግ አለበት»፣ ማለትም ዲስኩ ተጠርጎ ዊንዶውስ እንደ አዲስ ይጫን፣ ለተባሉ ሰዎች ሁሉ ያየሁትን መናገር እፈልጋለሁ።

የኮምፒውተር ባለሙያ አይደለሁም። ዕድሜዬን የጨረስኩት በጽሕፈት ሥራ ነው፤ በጽሕፈት መኪና ጀምሬ በኮምፒውተር ጡረታ ወጣሁ። አሁን የእድራችን ጸሐፊ ነኝ። የአባላት ስም ዝርዝር፣ ወርሃዊው መዋጮ፣ የድንኳንና የወንበር ወጪ፣ የየስብሰባው ቃለ ጉባኤ ቤቴ ባለው ዴስክቶፕ ኮምፒውተር ላይ ነው። ሰው ሲሞት በዚያው ሌሊት የሟች ቤተሰብ መዋጮ መክፈሉና አለመክፈሉ ይጠየቃል፤ መልሱም ከእኔ ይጠበቃል።

ባለፈው ክረምት ማሽኑ ማሻሻያ እየጫነ ሳለ መብራት ጠፋ። መብራቱ ሲመለስ ኮምፒውተሩ በራ፤ ነገር ግን ከዊንዶውስ ምልክትና ከሚሽከረከሩት ነጠብጣቦች አላለፈም። ተነሣሁ ሲል ይጠፋል፤ ጠፋ ስል እንደገና ይነሣል። ጥገና ቤት ወሰድኩት። ባለሙያው ወጣት ነው፤ ጨዋ ልጅ ነው። ጥቂት ከነካካው በኋላ «እትዬ፣ ዊንዶውሱ ተበላሽቷል፤ ፎርማት ካልተደረገ አይነሣም። ሲ ላይ ያለው ይጠፋል፤ ዲ ላይ ያለው ግን አይነካም» አለኝ።

እዚህ ላይ ልብ በሉ። «ሲ» እና «ዲ» የሚባሉት ፋይል የሚቀመጥባቸው የኮምፒውተሩ ዲስክ ክፍሎች ናቸው። በዴስክቶፑ ላይ የምታስቀምጡት ሁሉ፣ «ዶክመንትስ» እና «ፒክቸርስ» በሚሉት አቃፊዎች ውስጥ ያለው ሁሉ፣ ሆን ብላችሁ ካላዛወራችሁት በስተቀር የሚቀመጠው ሲ ላይ ነው። ስለዚህ «ሲ ብቻ ነው የሚጠፋው» የሚለው ቃል ለአብዛኛው ሰው «ያላችሁ ሁሉ ይጠፋል» ማለት ነው። ማሽኑን ተሸክሜ ወደ ቤቴ ተመለስኩ። ልጁን አልተቀየምኩትም፤ ከበስተኋላዬ የተሰለፈ ደንበኛ አለው፤ ፎርማት ደግሞ ፈጣንና እርግጠኛ ሥራ ነው። ነገር ግን ለጠጋኙ ፈጣን የሆነው መንገድ ለባለቤቱ ውድ ሊሆን ይችላል፤ ከዚያ በፊት የሚሞከር ነገር እንዳለም ሊነገረን ይገባል።

ገጹ እንዴት ይከፈታል? ዊንዶውስ መነሣት በተከታታይ ሲያቅተው ብዙ ጊዜ ራሱ ይከፍተዋል፤ «ፕሪፔሪንግ አውቶማቲክ ሪፔር» የሚል ጽሑፍ ከታያችሁ መንገድ ላይ ናችሁ። ካልከፈተ የማብሪያውን ቁልፍ 10 ሰከንድ ያህል ተጭናችሁ አጥፉት፣ እንደገና አብሩት፤ የዊንዶውስ ምልክት መታየት ሲጀምር አሁንም ተጭናችሁ አጥፉት። ይህ ሲደጋገም በሚቀጥለው አነሣስ ገጹ ይመጣል። በደኅና ጊዜ ኮምፒውተርን በዚህ መንገድ ማጥፋት እንደማይገባ ሁላችንም ስለተነገረን እጅ ይፈራል፤ አልነሣ ላለ ማሽን ግን የዊንዶውስ አምራች ማይክሮሶፍት ራሱ የሚመክረው መንገድ ነው።

ገጹ ሲከፈት ጥቂት ሳጥኖች ይታያሉ። «ኮንቲኒው» ወደ ዊንዶውስ ለመመለስ ይሞክራል። «ተርን ኦፍ» ያጠፋል። የምንፈልገው «ትራብልሹት» የሚለውን ነው። በውስጡ ደግሞ «ሪሴት ዚስ ፒሲ» እና «አድቫንስድ ኦፕሽንስ» አሉ። የመጀመሪያው ከላይ ተቀምጦ ዓይን ይስባል፤ እለፉት። ሁለተኛው ስሙ ለባለሙያ ብቻ የተሠራ ያስመስለዋል፤ ጠቃሚው ሁሉ ያለው ግን እዚያ ነው።

ምንም ጥገና ሳልሞክር በፊት ፋይሎቼን አወጣሁ። የዚህን ገጽ ትልቁን ዋጋ ያየሁት እዚህ ስለሆነ በዝርዝር ልንገራችሁ። በቂ ቦታ ያለው ፍላሽ ከኮምፒውተሩ ጋር አያያዝኩ። ከዚያ «ኮማንድ ፕሮምፕት» የሚለውን መረጥኩ፤ ጥቁር መስኮት ተከፈተ። ብዙዎቻችን የምንሸሸው ይህን መስኮት ነው። እኔ የጻፍኩበት ግን አንድ ቃል ብቻ ነው፦ ኖትፓድ፣ በእንግሊዝኛ ፊደላት፤ ከዚያ ኢንተር። ማስታወሻ የምንጽፍበት ያ ተራ ፕሮግራም ተከፈተ። ከላይ «ፋይል»፣ ቀጥሎ «ኦፕን» ሲባል የሚመጣው መስኮት ኮምፒውተሩ ውስጥ ያለውን ሁሉ የሚያሳይ በር ነው። ከታች የጽሑፍ ፋይሎችን ብቻ እንዲያሳይ የተደረገውን ወደ «ኦል ፋይልስ» መቀየር ያስፈልጋል፤ አለበለዚያ አቃፊው ባዶ መስሎ ያስደነግጣል። ዲስኮቹ እዚህ የፊደል ስማቸው ሊለወጥ ይችላል፤ ሲ የነበረው ዲ ወይም ሌላ ሆኖ ሊመጣ ይችላል። «ዩዘርስ» የሚለው አቃፊ ያለበትን ፈልጉ፤ በውስጡ ስማችሁን ታገኛላችሁ። የእድሩ አቃፊ እዚያው ነበር። በማውሱ ቀኝ ቁልፍ «ኮፒ» አልኩና ፍላሹን ከፍቼ «ፔስት» አልኩ። ምን ያህል እንደተቀዳ የሚያሳይ መስመር አልወጣም፤ መስኮቱ የፈዘዘ መሰለኝ። ሳልነካው ጠበቅሁ። ብልጭ ድርግም ሲል የነበረው የፍላሹ መብራት ሲረጋጋ አቃፊውን ከፈትኩ፤ ሁሉም ገብቷል።

በዚያች ሰዓት የተሰማኝን እፎይታ ለመግለጽ ይቸግረኛል። ከዚያ በኋላ ማሽኑ ባይነሣም ግድ አልነበረኝም።

አንድ ማሳሰቢያ ግን አለ። ዲስካቸው የተመሰጠረ ኮምፒውተሮች፣ በተለይ አዳዲስ ላፕቶፖች፣ በዚህ ገጽ ፋይሎቹን ከመክፈታቸው በፊት 48 አኃዝ ያለው የቢትሎከር (የዊንዶውስ ዲስክ መመስጠሪያ) ቁልፍ ሊጠይቁ ይችላሉ። ኮምፒውተሩ በማይክሮሶፍት አካውንት የተከፈተ ከሆነ ቁልፉ ብዙ ጊዜ እዚያ አካውንት ውስጥ ተቀምጦ ይገኛል፤ ከስልክ ገብቶ ማየት ይቻላል። ይህን ቁልፍ አሁኑኑ፣ ማሽኑ ደኅና ሳለ፣ ወረቀት ላይ መገልበጥ ተገቢ ነው።

ወደ ጥገናዎቹ ልምጣ። «ስታርትአፕ ሪፔር» አነሣሱን ራሱ መርምሮ ሊያስተካክል ይሞክራል። ፋይል አይነካም፤ ስለዚህ ለመጀመሪያ ሙከራ ጥሩ ነው። በእኔ ማሽን ላይ ቆይቶ ቆይቶ መጠገን አልቻልኩም አለ። «ሲስተም ሪስቶር» ኮምፒውተሩን ቀድሞ ወደተመዘገበ ደኅና ቀን ይመልሳል፤ ከዚያ ቀን በኋላ የተጫኑ ፕሮግራሞችና ማሻሻያዎች ይወገዳሉ እንጂ የጻፋችሁት ደብዳቤ ወይም ያነሣችሁት ፎቶግራፍ አይጠፋም። ጉዳቱ ዊንዶውስ 10 በተጫነባቸው ብዙ ማሽኖች ላይ ይህ ምዝገባ አስቀድሞ ተዘግቶ መምጣቱ ነው። በእኔም ላይ የተመዘገበ ቀን አልነበረም።

የፈወሰኝ «አንኢንስቶል አፕዴትስ» የሚለው ነው። ሲከፈት ሁለት ምርጫ ይሰጣል። አንዱ በየወሩ የሚመጣውን የጥገና ማሻሻያ ያወጣል፤ ሌላው ዊንዶውሱን ወደ አዲስ እትም የሚያሻግረውን ትልቁን ማሻሻያ። መብራት የጠፋው በወርሃዊው መካከል ስለነበረ የመጀመሪያውን፣ «ኳሊቲ አፕዴት» የሚለውን መረጥኩ። ሥራው ጊዜ ወሰደ። ከዚያ ማሽኑ ጠፍቶ ተነሣ፤ የይለፍ ቃሌን ጠየቀኝ። ዴስክቶፑ ሲከፈት የእድሩ መዝገብ በነበረበት ቦታ ነበረ፤ ማተሚያው ይሠራል፤ የአማርኛ መጻፊያው ይሠራል።

ይህን የመጨረሻውን እንደ ቀላል ነገር አትዩት። ፎርማትም ሆነ «ሪሴት» በአማርኛ ለሚጽፍ ሰው ተጨማሪ ዋጋ አላቸው። «ሪሴት ዚስ ፒሲ» ሁለት መንገድ አለው፤ አንዱ ፋይሎቻችሁን ያቆያል፣ ሌላው ሁሉን ያጠፋል። ፋይል የሚያቆየውም ቢሆን ከጊዜ በኋላ የጫናችኋቸውን ፕሮግራሞች ይነቅላል፤ የአማርኛ መጻፊያው ፓወር ግዕዝም፣ የማተሚያው ፕሮግራምም ይሄዳሉ። የግዕዝ ፊደል ኮምፒውተሮች በጋራ በሚጠቀሙበት የፊደላት ሥርዓት፣ በዩኒኮድ፣ ውስጥ የገባው እ.ኤ.አ. በ1999 ነው። ከዚያ በፊት፣ በኋላም ለብዙ ዓመታት፣ በየመሥሪያ ቤቱ ደብዳቤ ስንጽፍ የነበረው እንደ ቪዥዋል ግዕዝ ባሉ የራሳቸው አሠራር በነበራቸው ፊደላት ነው። የእነዚያ ፊደላት ፋይል ከማሽኑ ላይ ከጠፋ ደብዳቤው አለ፣ ቃሉ ግን የላቲን ፊደልና የምልክት ቅልቅል ሆኖ ይወጣል። እኔ የቀድሞ መሥሪያ ቤቴን የምስክር ወረቀቶችና የእድሩን የመጀመሪያ መተዳደሪያ ደንብ በዚያ መልክ ነው የያዝኩት። ፎርማት ቢደረግ ኖሮ ፊደላቱን ከየት ፈልጌ እንደማመጣ አላውቅም። «ሪሴት» የግድ ከሆነባችሁ አስቀድማችሁ «ፎንትስ» የሚለውን አቃፊ በዚያው በኖትፓድ መንገድ ቅዱ፤ ዲስኩ ላይ «ዊንዶውስ» በሚለው አቃፊ ውስጥ ነው።

ጉድለቶቹንም ልናገር። በእኔ ማሽን ላይ ገጹ ሙሉ በሙሉ በእንግሊዝኛ ነው። እንግሊዝኛ የማያነብ ሰው «ሪሴት»ን ከ«ሪስቶር» ሊለይ አይችልም፤ የሁለቱ ልዩነት ግን የፕሮግራሞቹ ሁሉ መቅረትና አለመቅረት ነው። እንግሊዝኛ ለሚያነብም ቢሆን ከእያንዳንዱ ሳጥን ሥር ያለው ማብራሪያ አንድ መስመር ብቻ ነው፤ ምን ያህል ጊዜ እንደሚወስድ፣ ምን እንደሚያስወግድ በደንብ አይናገርም። መብራት በሚቆራረጥበት አገር ደግሞ ጊዜው ትልቅ ጉዳይ ነው። ጥገናው መካከል ላይ መብራት ቢሄድ ነገሩ ሊብስ ይችላል። እኔ የሠራሁት ዩፒኤስ፣ መብራት ሲጠፋ ኮምፒውተሩን ለጥቂት ጊዜ የሚያቆይ ባትሪ፣ ከጎረቤት ተውሼ ነው፤ ያለ እርሱ አልደፍርም ነበር።

የማይችለውም አለ። ሀርድ ዲስኩ ራሱ እያረጀ ከሆነ፣ እንግዳ ድምፅ ካሰማ፣ ፋይል መቅዳት እየተቋረጠ ከተቸገረ፣ ይህ ገጽ አያድናችሁም፤ ደጋግሞ መሞከሩም ዲስኩን ያደክመዋል። ያኔ ማሽኑን አጥፍቶ ከዲስክ ላይ መረጃ ማውጣት ወደሚችል ባለሙያ መውሰድ ነው። ገጹ ጨርሶ የማይከፈት ከሆነ ግን ተስፋ አትቁረጡ። በሌላ ደኅና ኮምፒውተር ላይ ቢያንስ 8 ጊጋባይት በሚይዝ ባዶ ፍላሽ የዊንዶውስ መጫኛ ማዘጋጀት ይቻላል፤ ማይክሮሶፍት የሚሠራበትን ፕሮግራም በነፃ ይሰጣል። ከዚያ ፍላሽ ሲነሣ መጫኛው «ኢንስቶል» ከሚለው አዝራር ሌላ ከታች በግራ በኩል «ሪፔር ዩር ኮምፒውተር» የሚል ጽሑፍ ያሳያል። እርሱን ብትነኩ እስካሁን የነገርኳችሁ መሣሪያዎች አብዛኞቹ እዚያ ይጠብቋችኋል። ጥገና ቤት ስትሄዱ «መጀመሪያ በዚህ ፋይሌን አውጡልኝ፣ ከዚያ ማሻሻያውን ንቀሉልኝ፣ ካልሆነ ስለ ፎርማት እንነጋገራለን» ማለት መብታችሁ ነው። የአገልግሎት ዋጋ ቢጨምርም ይገባዋል።

ከአምስት ኮከብ አራት እሰጠዋለሁ። አንዱን የቀነስኩት በቋንቋውና በማብራሪያው እጥረት ነው።

ዊንዶውስ 10ን ማይክሮሶፍት በነፃ ማደሱን ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. አቁሟል፤ ለተመዘገቡ የቤት ተጠቃሚዎች የደኅንነት ማሻሻያ የሚቀጥለው እስከ ጥቅምት 3 ቀን 2019 ዓ.ም. ነው። የእኔ ማሽን ለዊንዶውስ 11 የሚጠየቀውን አያሟላም፤ ስለዚህ ተመዝግቤያለሁ። የጥገናው ገጽ ግን በዚያ ቀን አይዘጋም፤ ማሽኑ ውስጥ ስላለ ይቆያል። «ሲስተም ፕሮቴክሽን» የሚለውንም ከፍቼ አሁን የሚመለስበት ቀን እንዲመዘግብ አድርጌዋለሁ። የምታደርጉት እንዲህ ነው፦ በስታርት መፈለጊያ ላይ «ክሪኤት ኤ ሪስቶር ፖይንት» ብላችሁ ጻፉ፣ ሲ ዲስክን ምረጡ፣ «ኮንፊገር» የሚለውን ነክታችሁ አብሩት።