ኮምቦልቻ ላይ «የጣልያን ጊዜ ቢያንኪ» አለ ቢሏችሁ፣ ብር ከመቁጠራችሁ በፊት ይህን አንብቡ

ባለፈው ጥቅምት ኮምቦልቻ ላይ 48 ሺህ ብር ቆጥሬ አንድ ብስክሌት ገዛሁ። «ጣልያን ደሴን ሲለቅ የቀረ፣ የበርሳልዬሪ ወታደር ይነዳው የነበረ ቢያንኪ» ተብሎ ነው የተሸጠልኝ፤ ቢያንኪ የታወቀ የጣልያን ብስክሌት ስም ነው። ዛሬ ቀለሙ ተፍቆ፣ አካሉ ተፈታትቶ ደሴ ቤቴ ውስጥ አንድ ጥግ ይዟል። ሕንድ አገር የተሠራ ተራ ብስክሌት ነው።

ነገሩን እስካሁን በሆዴ ይዤው ቆየሁ። ያለፈው ሳምንት ግን ከሚሴ የሚኖር ወዳጄ ደውሎ «ኮምቦልቻ የጣልያን ጊዜ ዕቃ አለኝ የሚል ሰው ቀብድ ላክ እያለኝ ነው፤ ልላክ ወይ?» አለኝ። ሰውየው የነገረውን ታሪክ ሲደግምልኝ ገና ሳይጨርስ የቀረውን እኔ ጨረስኩለት። ቃል በቃል ለእኔ የተነገረኝ ነበር። ከዚህ በኋላ ዝም ማለት ለእነርሱ መተባበር መሰለኝ።

ለምን እንዳመንኩ ልንገራችሁ፤ እናንተንም የሚያሳምኗችሁ በዚያው መንገድ ነውና። የሚነግሩት ታሪክ ከእውነት ጋር ተገምዶ የመጣ ነው። ጣልያን ደሴን የያዘው በሚያዝያ 1928 ነው። ያጣው ደግሞ በአምስት ዓመቱ፣ በሚያዝያ 1933፣ የደቡብ አፍሪካ ወታደሮች በኮምቦልቻ በኩል ሰብረው ሲወጡ ነው። በእነዚያ ዓመታት ከአስመራ ወደ አዲስ አበባ የሚዘልቀው አውራ ጎዳና በደሴ በኩል ተሠራ፤ ከመንገዱ ጋር ጋራዡና መካኒኩ መጣ። እስከ ዛሬ ፍሬን፣ ካቴና፣ ቸርኬ፣ ፎርኬላ፣ ካቻቢቴ የምንለው ሁሉ ከጣልያንኛ የወረስነው ነው። ቢያንኪም የፈጠራ ስም አይደለም። ኤዶአርዶ ቢያንኪ እ.ኤ.አ. በ1885 ሚላን ላይ ሥራ የጀመረ ሲሆን፣ ፋብሪካው ከመጀመሪያው የዓለም ጦርነት በፊት በርሳልዬሪ ለሚባሉት ባለ ላባ ቆብ ወታደሮች የሚታጠፍ ብስክሌት ሠርቷል። እንግዲህ «ወሎ ውስጥ አንድ የበርሳልዬሪ ቢያንኪ ቀርቷል» ቢባል የሚያስቅ ነገር አይደለም። አሥራ አራት ዓመት አሮጌ ብስክሌት ስፈልግ የኖርኩ ሰው ነኝ። ይህን ወሬ ስሰማ ልቤ እንዴት እንደዘለለ በዚህ ፍቅር የተያዘ ሁሉ ያውቀዋል።

ደላላው የቀጠረኝ ለማታ ነው። ቀን እንዳልመጣ «አባት ቀን ቤት የሉም» አለኝ። ስደርስ ቡና ተፈልቷል፣ ዕጣኑ ይጨሳል፣ ጋቢ የለበሱ ሽማግሌ መደብ ላይ ተቀምጠዋል። አባታቸው የጣልያን መንገድ ሥራ ላይ ቀን ሠራተኛ እንደነበሩ፣ አለቃቸው የሆነ ወታደር ሲሸሽ ብስክሌቱን «ስመለስ እወስደዋለሁ» ብሎ አደራ እንደሰጣቸው፣ ሳይመለስ እንደቀረ አጫወቱኝ። አደራ የሚለውን ቃል ሲናገሩ ድምፃቸው ተቆረጠ። «ልጄ፣ ለማያውቅበት ሰው አልሰጥም፤ አንተ ታውቅበታለህ አሉኝ» ብለው መረቁኝ። በወሎ ሽማግሌ መርቆህ፣ ቡና አጠጥቶህ፣ ባትሪ አብርተህ የብስክሌቱን ሆድ ፈትሽ ማለት ነውር ሆኖ ይሰማሃል። ያንን ነውር አስልተው ነው ያስቀመጡት። በጣም የሚያሳዝነኝም ይህ ነው፤ ብሩን ሠርቼ እተካዋለሁ፣ ከእንግዲህ ግን ቡና አፍልቶ የሚጠብቀኝን ሰው በየዋህነት ማየት ከብዶኛል።

ብስክሌቱ ከግድግዳ ጋር ተጠግቶ ነበር። በስልኬ መብራት አየሁት። ቢያንኪ የሚታወቅበት ያ ፈዛዛ የሰማይና የባሕር ቅልቅል ቀለም እዚህም እዚያም ተልጦ፣ ከሥሩ ዝገት ብቅ ብሏል። የመሪው አንገት ላይ ዘውድ የደፋ ንስር ያለበት የናስ ምልክት አለ። እጄን ሳሳርፍበት ጠርዙ በዘመን ብዛት ልሟል። ደላላው «አዲስ አበባ ያለ ሰው 80 ሺህ ብሏል፣ ነገ ጠዋት ይመጣል» ሲል ከበረካው ሳንደርስ ተስማማን። በወረቀቱ ላይ የተጻፈው «አንድ ያገለገለ ብስክሌት በነበረበት ሁኔታ» የሚል ብቻ ነበር። ይህችን ሐረግ አስታውሷት፤ እመለስባታለሁ።

በማግስቱ በሚኒባስ ጣሪያ ላይ አስሬ ወደ ደሴ የሚወስደውን የሐረጎን ዳገት ስወጣ በየመታጠፊያው አንገቴን በመስኮት አውጥቼ አየው ነበር።

ደሴ ውስጥ ዕድሜ ልካቸውን ብስክሌት የጠገኑ አንድ ጋሼ አሉ። ወሰድኩላቸው። ዞር ዞር ብለው አዩትና ምንም ሳይናገሩ ቁልፍ አነሡ። በቀኝ በኩል፣ ካቴናው ባለበት ወገን፣ የፔዳሉን ዘንግ ኩሽኔታ የያዘውን ክዳን ለመፍታት ወደ ቀኝ ማዞር ጀመሩ። «ጋሼ፣ እያጠበቁት ነው» አልኳቸው። ላላ። ቀና ብለው አዩኝና «ማነው የሸጠልህ?» አሉ።

ይህን ለማያውቅ ላስረዳ፤ ከሁሉም የማይዋሽ ምስክር ይህ ነውና። በእንግሊዝ አሠራር የቀኙ ክዳን የብሎን ጥርስ ተገላቢጦሽ ነው፤ ለማጥበቅ ወደ ግራ፣ ለመፍታት ወደ ቀኝ ይዞራል። ሕንዶችና ቻይኖች ራሌ የተባለውን የእንግሊዝ ብስክሌት አምሳያ አድርገው ስለሠሩ ይህንኑ ወርሰዋል። በጣልያን አሠራር ግን ሁለቱም ክዳኖች እንደ ማንኛውም ብሎን ወደ ቀኝ ነው የሚጠብቁት፤ የቀዳዳው ስፋትም 36 ሚሊ ሜትር ሲሆን የእንግሊዙ ከዚያ በጥቂቱ ይጠባል። ወደ ቀኝ መጥበቁ ብቻውን ጣልያን ነው አያሰኝም፤ የድሮ ፈረንሳዮችም እንዲሁ ያደርጉ ነበር። ተገላቢጦሽ ሆኖ ከተገኘ ግን «የሚላን ሥራ ነው» የሚለው ወሬ እዚያው ላይ ያበቃል። ቀለም ይቀባል፣ ምልክት ይለጠፋል፤ የዚህን ጥርስ አቅጣጫ ለመቀየር የሚደክም አጭበርባሪ ግን የለም፣ ማንም አያየውምና።

ከዚያ በኋላ ያለው በየተራ ተገለጠ። ጨርቅ በአኳራጅ (በቀለም ማቅጠኛ) ነክረን ብንጠርገው ሰማያዊው ለቀቀ፤ የሰማንያ ዓመት ቀለም እንዲህ በአንድ መጥረግ አይለቅም። ከሥሩ ጥቁር ቀለም ወጣ። ቸርኬውን በብርጭቆ ወረቀት ስናሸው በብረቱ ላይ የተቀረጸ ፊደል ታየ፤ «ሉዲያና» ይላል። የሕንድ ብስክሌት ፋብሪካዎች የተሰበሰቡባት ከተማ ናት። ዝገቱም ሁሉም ቦታ አንድ ዓይነት፣ ብርቱካናማና ዱቄት የመሰለ ነበር። ጋሼ አሽትተው «የባትሪ ውሃ ነው» አሉ። በዕድሜ የመጣ ዝገት ጠቆር ብሎ ብረቱን የነከሰ፣ ውሃ በሚያቁርበት ቦታ የበዛ፣ እጅ በሚያርፍበት ቦታ ደግሞ የሳሳ ነው።

የናሱ ምልክት ግን እውነተኛ ነበር። ይህን ስትሰሙ ደስ አይበላችሁ። በሪቬት ሊያያዝ የሚገባው በሁለት ባለ መስቀል ራስ ብሎኖች ታስሯል፤ ይህ ዓይነት ብሎን ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1930ዎቹ አጋማሽ አሜሪካ ውስጥ መኪና ላይ መዋል የጀመረ ነው። ናሱም ከአንገቱ ጋር አልገጠመም፤ ከኋላው ጥፍር የሚያስገባ ክፍተት አለ። ከሌላ ብስክሌት ላይ ተነቅሎ የመጣ ነው። እንግዲህ አስቡት። አንድ ቦታ፣ ምናልባትም እዚሁ ወሎ ውስጥ፣ እውነተኛ ቢያንኪ ነበር ወይም አለ። ምልክቱን ነቅለው አካሉን ምን እንዳደረጉት እግዚአብሔር ይወቅ፤ በኪሎ ለቁራሌው ሸጠውት እንደሆነ እፈራለሁ። እኔን ማታለላቸው አንድ በደል ነው። ያንን ብስክሌት ለአንድ ቁራጭ ናስ ሲሉ ማጥፋታቸው ግን ከእኔ ገንዘብ በላይ ያንገበግበኛል።

ቀድሞ ማየት የነበረብኝ ሌላም አለ። እ.ኤ.አ. የ1912ቱ የበርሳልዬሪ ብስክሌት መካከሉ ላይ ይታጠፋል፤ ጎማው ከመነዳሪ የሌለው ድፍን ጎማ ነው፤ ፊትና ኋላው ስፕሪንግ አለው። ቀለሙም የጦር ሠራዊት አረንጓዴ እንጂ ለከተማ ሰው የሚያምረው ሰማያዊ አይደለም። እኔ የገዛሁት አይታጠፍም፣ ስፕሪንግ የለውም፣ ጎማው በአየር የሚሞላ ነው። ይህን ሁሉ ከዚያ ማታ በፊት አውቀው ነበር። ሽማግሌው ሲመርቁኝ ግን የማውቀውን አልጠየቅሁም።

የሕንዱን ብስክሌት እየሰደብኩ እንዳይመስላችሁ። ጠንካራ፣ ጭነት ቻይ፣ ለባለቤቱ ታማኝ ነው፤ በራሱ ስምና በራሱ ዋጋ ቢሸጥልኝ በደስታ እገዛው ነበር።

ገንዘቤን ለማስመለስ ተመልሼ ወረድኩ። ያ ቤት የኪራይ ቤት ኖሯል፤ ጎረቤቶቹ እንዲህ ያሉ አባት አያውቁም። ደላላውን ስልክ ላይ ባገኘው «ወንድሜ፣ አንተ የገዛኸው ያገለገለ ብስክሌት ነው፤ ያገለገለ ብስክሌት አልሰጠንህም?» አለኝ። ያቺ ሐረግ ለዚህ ነበር የተጻፈችው። የሕግ ሰው አማከርኩ። በፍትሐ ብሔር ሕጋችን ሻጩ በተንኮል አታሎህ ከሆነ ውሉን ማስፈረስ ትችላለህ፤ ግን ምን ብሎ እንዳታለለህ ማስረዳት ያለብህ አንተ ነህ። እኔ ምስክሬ ቡና ያፈላችው ልጅ ብቻ ነበረች፤ እርሷም የእነርሱ ናት።

ስለዚህ አሮጌ ብስክሌት የምትወዱትን ሁሉ እለምናችኋለሁ፤ ሻጩ በአፉ የነገራችሁን በወረቀት ላይ አስፍሩት። «ጣልያን አገር በቢያንኪ ፋብሪካ የተሠራ፣ ከ1933 በፊት የነበረ፣ ይህ ሆኖ ካልተገኘ ሻጭ ሙሉ ዋጋውን ይመልሳል» ብላችሁ ጻፉ፤ የሻጩን መታወቂያ አያይዙ፣ የራሳችሁን እማኝ ይዛችሁ ሂዱ። እውነተኛ ባለቤት ይህን ሲሰማ ቢበዛ «እኔ እስከዚህ አላውቅም» ይላችኋል፤ ያን ጊዜ ምንነቱ ላልታወቀ ዕቃ በሚገባው ዋጋ ተደራደሩ። የሚቆጣ፣ «ሽማግሌ ትጠረጥራለህ ወይ» የሚል ሰው ካጋጠማችሁ ቡናውን አመስግናችሁ ውጡ። ቀብድ በስልክ አትላኩ። ዕቃውን በቀን፣ ደጅ አውጥታችሁ፣ ከመካኒክ ጋር እዩ። መካኒኩን ደላላው አምጥቶላችሁ ከሆነ አብሮ ይመለስ።

የእንግሊዝ ብስክሌት ለምትፈልጉ ደግሞ ነገሩ ይቀላል። ብዙዎቹ ራሌዎች የኋላ ሞዟቸው፣ ማለትም የጎማው እምብርት፣ ስተርሚ አርቸር የሚባለው ባለ ሦስት ማርሽ ነው፤ በሞዞው ቅርፊት ላይ ዓመቱ ተቀርጿል። 54 የሚል ካያችሁ እ.ኤ.አ. 1954 ነው። ሻጩ «በጣልያን ጊዜ እንግሊዞች ይዘውት የገቡት» ካላችሁ ጨርቅ ይዛችሁ ቅባቱን ጥረጉና አንብቡለት። ሞዞ ሊቀየር ስለሚችል ሌላውንም ማየት ይገባል። የሚያብረቀርቀውንም ብረት አስተውሉ፤ ኒኬል ወደ ቢጫ ያዘነበለ ሞቅ ያለ ንጣት አለው፣ ክሮም ደግሞ እንደ መስታወት ቀዝቃዛና ሰማያዊ ነው። ከመጀመሪያው ጦርነት በፊት ተሠራ በተባለ ብስክሌት ላይ ክሮም ካያችሁ ቆም ብላችሁ ጠይቁ።

ለከሚሴው ወዳጄ ያቀረቡለት ዕቃ ብስክሌት አይደለም። «ፋሺስት ደሴ ላይ ጥሎት የሸሸ ቬስፓ»፣ ያ የጣልያኑ ትንሽ ሞተር ሳይክል፣ ነው የሚሉት፤ 120 ሺህ ጠይቀውታል። ቬስፓ የመጀመሪያው ለገበያ የቀረበው እ.ኤ.አ. በ1946 ነው፤ በእኛ 1938። ጣልያን ከደሴ ከወጣ አምስት ዓመት ሆኖታል። ሌላው የጣልያን ሞተር ሳይክል ላምብሬታ ደግሞ ከዚያም በዓመት ይዘገያል። ዕቃው እውነተኛ ቬስፓ ሊሆን ይችላል፤ ታሪኩ ግን ሊሆን አይችልም፣ 120 ሺህ የተጠየቀውም ለታሪኩ ነው። «ውጭ አገር አውጥተን በሦስት እጥፍ እናሸጥልሃለን» የሚል ተስፋም ጨምረውለታል። ይህንን አትስሙ። ቅርስ ሊባል የሚችል ዕቃ ያለ ፈቃድ ከአገር ማውጣት በቅርስ አዋጅ ቁጥር 209/1992 የተከለከለ ነው፤ ሲያዝ የሚጠየቀው ዕቃውን በእጁ የያዘው ሰው ነው።

ብስክሌቱን ማየት ለሚፈልግ ቅዳሜ ከሰዓት በሬ ክፍት ነው። ከጽሑፌ በታች መልእክት ይተውልኝ፤ መጥቶ ክዳኑን በእጁ አዙሮ፣ ቸርኬው ላይ ያለውን ፊደል ዳስሶ ይሂድ። የንስሩን ምልክት ግን ከአንገቱ ላይ ፈትቼ በጨርቅ ጠቅልዬ አስቀምጬዋለሁ። በዚህ አካባቢ፣ በየትኛውም ጓሮ ወይም ቆጥ ላይ፣ የመሪው አንገት ላይ ባዶ የሪቬት ቀዳዳዎች የቀሩበት አሮጌ ብስክሌት ያያችሁ ካላችሁ ንገሩኝ። ምልክቱ ከገጠመ ለባለቤቱ ያለ ምንም ክፍያ እመልሳለሁ።