በቀይ መስመር ባቡር የጀመረ ንባብ፦ ለአንዲት የቤተ መጻሕፍት ሠራተኛ የቀረበ ምስጋና

ሜሪላንድ ውስጥ ሲልቨር ስፕሪንግና አካባቢው ያላችሁ እናቶችና አባቶች፣ በተለይ ልጃችሁ አላነብም እያለ እንቅልፍ የነሳችሁ፣ እባካችሁ ይህን እስከ መጨረሻው አንብቡልኝ። ትንሽ ይረዝማል። ሁለት ዓመት ሙሉ ያስለቀሰኝ ነገር ስለሆነ ባጭሩ መናገር አልቻልኩም።

ማመስገን የምፈልገው በሞንጎመሪ ካውንቲ የሕዝብ ቤተ መጻሕፍት፣ በልጆች ክፍል የሚሠሩ አንዲት ትልቅ ሴትን ነው። ስማቸው በአደባባይ እንዲጻፍ ስላልፈለጉ አልጽፈውም። እግዚአብሔር ግን ያውቃቸዋል። ዕድሜና ጤና ይስጥልኝ።

ልጄ 9 ዓመቱ ነው። ከሁለተኛ ክፍል አጋማሽ ጀምሮ የሚማረው ቤት ነው። ለምን ከትምህርት ቤት አስወጣሽው የሚለኝ ብዙ ነው። ክፍል ውስጥ ጮክ ብለህ አንብብ ሲባል ያለቅስ ነበር። ጠዋት ጠዋት ሆዴን አመመኝ ይላል። ሐኪም ጋ ወሰድነው፣ ምንም የለበትም ተባልን። ለካ ፍርሃት ነበር። እኔና ባለቤቴ አንድ ወር ሙሉ ስንመካከር ከረምንና ፎርሙን ሞላን። ሜሪላንድ ውስጥ ቤት ማስተማር ከመጀመራችሁ ቢያንስ 15 ቀን ቀደም ብላችሁ ማሳወቅ አለባችሁ። ከዚያ በዓመት እስከ ሦስት ጊዜ የልጁን ሥራ ያዩታል። ወረቀቱ እንደሚወራው አያስፈራም።

የሚያስፈራው ሌላ ነው። ባለቤቴ የሚሠራው ማታ ነው። ጠዋት እሱ ይተኛል፣ እኛ ኩሽና ጠረጴዛ ላይ በሹክሹክታ እንማራለን። ትንሿ እህቱ እርሳሱን እየሰረቀች ትሸሸጋለች። ሂሳብ ላይ ችግር የለም። ሳይንስም ይወዳል፤ ባቄላ በጥጥ አብቅለን መስኮቱ ላይ ደርድረናል። መጽሐፍ ሳወጣ ግን ፊቱ ይለወጣል። ጠረጴዛ ሥር ይገባል። 20 ደቂቃ ለማስነበብ አንድ ሰዓት እንጨቃጨቃለን። ተቆጥቼዋለሁ። ታብሌት ከልክዬዋለሁ። ብስክሌት እገዛልሃለሁም ብዬዋለሁ። እኔ ላንብብልህ ስለው እንኳን ጆሮውን በሁለት እጁ ይይዝ ነበር።

እርዳታ ፍለጋ ያልሄድኩበት የለም። የማንንም ስም አልጠራም፣ ፈጣሪ ይፍረደን። መጀመሪያ የወሰድነው አንድ የማስጠናት ማዕከል ነው። ገና እንደገባን ኮምፒውተር ፊት አስቀምጠው ፈተኑት። ከዚያ ቀይና ቢጫ መስመር ያለበት ወረቀት አወጡና፣ እሱ አጠገቤ ቁጭ ብሎ፣ «ከእኩዮቹ ሁለት ዓመት ወደ ኋላ ቀርቷል» አሉኝ። ልጁ አይሰማም? የተወለደው እዚሁ እኮ ነው! አንገቱን ሰበረ። እኔም ከድንጋጤ የተነሳ ምንም ሳልመልስ ፈረምኩ። 6 ወር ከፈልን። ባለቤቴ ለዚያ ብር ሲል እሁድን ጨምሮ ሠራ። ከ6 ወር በኋላ ያው ወረቀት፣ ያው ቀለም። ይቅርብን ስንል ደግሞ ውል ፈርማችኋል ብለው ያልተማረበትን ወር አስከፈሉን።

ቀጥሎ በኢንተርኔት የምታስተምር ቀጠርን። እያንዳንዷን ቃል እያቋረጠች ታርመዋለች። አንድ ዓረፍተ ነገር ጨርሶ አያውቅም። ሦስት ሳምንት አልቆየም።

ከሁሉ በላይ ያንገበገበኝ ግን ይሄ ነው። በሙያው የሠለጠነች ናት የተባለች አንዲት ሰው «ቤት ውስጥ አማርኛ ማውራት አቁሙ፣ ልጁን ያደናገረው እሱ ነው» አለችን። እኛም አመንን። ወላጅ ሲጨንቀው የማያምነው ነገር የለም። 4 ወር በተሰባበረ እንግሊዝኛ ልጄን አሳደግኩ። እናቴ ያለችው ድሬዳዋ ነው፤ ቅዳሜ ቅዳሜ ትደውላለች። ልጁ ስልኩን ይዞ ዝም ይላታል። አንድ ቀን «የልጄን አፍ ማን ዘጋው?» አለችኝ። መልስ አጣሁ። መታጠቢያ ቤት ገብቼ በሩን ዘጋሁ።

ቤተ መጻሕፍት የሄድነው ለመጽሐፍ ብለን አልነበረም። ዝናብ ነበር፣ ትንሿ ቤት መዋል ሰልችቷት ስታለቅስ ነው የወጣነው። ልጄ የጃኬቱን ኮፍያ እስከ ዓይኑ ስቦ ምንጣፉ ላይ ቁጭ አለ። ሴትየዋ ከዴስካቸው ተነስተው መጡ። እኔ እንደለመደኝ ጀመርኩ። ሁለት ዓመት ወደ ኋላ ቀርቷል፣ ማዕከል አስገብተነው ነበር፣ መጽሐፍ አይወድም እያልኩ ዘከዘክሁት። በትዕግሥት ሰሙኝ። ከዚያ እኔን ትተው እሱ አጠገብ ተንበረከኩ። ጉልበታቸው ቋ ሲል ሰምቻለሁ።

«ከሁሉ አብልጠህ የምታውቀው ነገር ምንድን ነው?» አሉት።

ዝም አለ። እሳቸውም ዝም አሉ። እኔ ልመልስለት አፌን ስከፍት በዓይናቸው አስቆሙኝ። እንደዚያ የሚጠብቅ ሰው ከዚያ በፊት አይቼ አላውቅም።

«ባቡር» አለ፣ ከኮፍያው ውስጥ።

«የትኛው ባቡር?»

«ቀይ መስመር።» በሲልቨር ስፕሪንግ የሚያልፈው የዋሽንግተን ሜትሮ ባቡር ነው።

«እኔ ዙ፣ የእንስሳቱ መናፈሻ መሄድ ብፈልግ ከሲልቨር ስፕሪንግ ስንት ጣቢያ ነው?»

ጣቱን እያጠፈ ቆጠረላቸው። ታኮማ፣ ፎርት ቶተን፣ ብሩክላንድ፣ ሮድ አይላንድ አቬኑ፣ ኖማ፣ ዩኒየን ስቴሽን፣ ጁዲሺያሪ ስኩዌር፣ ጋለሪ ፕሌስ፣ ሜትሮ ሴንተር፣ ፋራገት ኖርዝ፣ ዱፖንት ሰርክል፣ ውድሊ ፓርክ። «12» አላቸው።

«እነዚህን ሁሉ ማን ነገረህ?»

«ማንም። ጣቢያው ግድግዳ ላይ ተጽፏል።»

«እንግዲያው ታነባለህ» አሉት።

ሌላ ምንም አልጨመሩም። አላሞገሱትም፣ አላጨበጨቡለትም። እንዲያው እንደ ተራ ነገር፣ እንደ እውነት ነገሩት። ልጄ ኮፍያውን ከራሱ ላይ አወረደ። እኔ በስንት ብር፣ በስንት ልመና ያላገኘሁትን እሳቸው በአንድ ጥያቄ አገኙት። መኪና ውስጥ ገብቼ ቁልፉን ሳላዞር ብዙ ቆየሁ።

በዚያው ቀን አምስት መጽሐፍ ሰጡት። አንዱ ከመሬት በታች ያለው ዋሻ እንዴት እንደሚቆፈር በትልልቅ ሥዕል የሚያሳይ ነው። ሁለቱ እንደ ካርቱን በሣጥን በሣጥን የተሣሉ ናቸው። ይሄም ንባብ ነው ወይ ብዬ በጆሯቸው ጠየቅኳቸው። «ነው» አሉኝ። ለልጁ ደግሞ «ያልወደድከውን መጨረስ የለብህም፣ መልሰህ አምጣልኝ፣ እኔ አልቀየምም» አሉት። መጽሐፍ ጀምሮ መተው እንደሚቻል ሲሰማ የመጀመሪያው ነው። እኔም ሳልሰማው ነው ያደግኩት። ሁለቱን መለሰ። ሦስቱን ደጋግሞ አየ። ስልኬ ላይም ሊቢ የሚባል ነገር ጫኑልኝ፤ መጽሐፉን ሰው ሲያነበው ያሰማል። እንዴት እንደሚሠራ አትጠይቁኝ። በላይብረሪ ካርዱ በነጻ እንደሆነ ብቻ ነው የማውቀው። ጆሮው ላይ ማዳመጫ አድርጎ፣ መጽሐፉን ከፍቶ፣ በጣቱ እየተከተለ ያዳምጣል። አባቱም አይቀሰቀስም።

የአማርኛውን ነገር የነገርኳቸው በሦስተኛው ሳምንት ይመስለኛል። ራሳቸውን ነቀነቁ፣ ያዘኑ መሰለኝ። «አያቱ ስለ ባቡር የሚነግሩት ነገር ይኖራቸው ይሆን?» አሉኝ።

እንዴት እንዳልመጣልኝ! አባቴ ነፍሱን ይማረውና ዕድሜውን ሙሉ የሠራው ምድር ባቡር ነው። እኔ የባቡር ፊሽካ እየሰማሁ ነው ያደግኩት። ድሬዳዋ ራሷ እኮ የባቡር ልጅ ናት። ይህን ሁሉ ለልጄ አንድም ቀን አላወራሁለትም። ሁልጊዜ አንብብ፣ ተቀመጥ፣ አንብብ ነው።

ያን ቅዳሜ ለእናቴ ነገርኳት። «ስጪኝ እስቲ» አለች። «ተረት ተረት» ስትለው እኔ ከጎን «የመሠረት በል» አልኩት። «የመሠረት» አለ። ከዚያ ተረት የመሰለውን የአያቱን እውነተኛ ታሪክ ነገረችው። ባቡሩ ሌሊት በረሃ ላይ ሲቆም፣ ግመል ሐዲዱ ላይ ተኝታ አልነሳም ስትል፣ አያቱ ከጅቡቲ ይዞ የሚመጣው ዕቃ። ግማሹን እኔም ሰምቼው አላውቅም። በሳምንቱ የአያቱን የሥራ መታወቂያ ፎቶ አንስታ ላከችለት። ልጄ ስክሪኑን በሁለት ጣቱ አሰፋውና «እማ፣ ይሄ ምንድን ነው የሚለው?» አለኝ። ፊደል ገበታ ግድግዳ ላይ ከሰቀልኩለት ዓመት አልፎታል፣ ዞር ብሎ አይቶት አያውቅም። አሁን እየሮጠ ሄዶ አንድ በአንድ እየፈለገ መጣ። ም… ድ… ር። ባ… ቡ… ር። እናቴ በስልክ ሰምታ እልልታዋን ስታቀልጠው ባለቤቴ ደንግጦ ከእንቅልፉ ተነሳ።

ከዚያ ወዲህ አማርኛችንን አላቆምንም። የቤተ መጻሕፍቷ ሴትም ስለ ምድር ባቡር የሚያወራ መጽሐፍ ከሌላ ቅርንጫፍ አስመጡለት። ለአዋቂ የተጻፈ ነው፣ ብዙውን አልገባውም። ግን ባቡሩ ድሬዳዋ የደረሰው እንደ ፈረንጆቹ በ1902፣ አዲስ አበባ የገባው በ1917 መሆኑን ከዚያ አግኝቶ ለአያቱ የነገራት እሱ ነው። እሷም «አያትህ እንኳን ይህን አልነገረኝም» አለችው። ያን ቀን ደረቱን ነፍቶ ዋለ።

ከርዕሴ ልውጣና፣ እኔ ልጅ ሆኜ ቤታችን ውስጥ ከጸሎት መጽሐፍ በቀር መጽሐፍ አልነበረም። ድሬዳዋ ከዚራ ሰፈር አካባቢ ሙሸበክ የሚባለውን በዘይት የሚጠበስ ጣፋጭ ስንገዛ በጋዜጣ ነበር የሚጠቀልሉልን። ዘይት የጠጣውን ጋዜጣ ፈትቼ አነበው ነበር። ሁልጊዜ መሃል ላይ ይቀደዳል፣ ወሬው አያልቅም። የቀረውን እኔ ራሴ እጨርሰዋለሁ። ማንም አንብቢ አላለኝም። ልጄ ጠረጴዛ ሥር ሲገባ የሚያበሽቀኝ ይሄ ነበር፤ እኔ በወረቀት ቁራጭ ስንገበገብ ያደግኩ፣ እሱ በመጽሐፍ ተከቦ እምቢ ይላል እያልኩ። እሱ ግን የእኔን ሙሸበክ አላገኘም ነበር። ያገኙለት እኚህ ሴት ናቸው።

አልዋሽም፣ ልጄ አሁንም ቀስ ብሎ ነው የሚያነበው። ረጅም ቃል ላይ ይቆማል። ግን አይፈራም። ባለፈው ሥራውን ለማየት የመጣችው ገምጋሚ ምን እያነበብክ ነው ስትለው እኔን ሳያይ መለሰላት። ማስቆም ነው ያቃታት። ማታ ማታ ደግሞ ለትንሿ እህቱ ያነብላታል። ስትስቅ ያቺኑ ገጽ ይደግምላታል።

እባካችሁ ሂዱ። ገንዘባችሁን ከመክፈላችሁ በፊት ሂዱ። ካርዱ ነጻ ነው። የዲሲ ቤተ መጻሕፍትም ለሞንጎመሪና ለአጎራባች የቨርጂኒያ ካውንቲዎችና ከተሞች ነዋሪዎች በነጻ ይሰጣል፤ ስለዚህ አሌክሳንድሪያና አርሊንግተን ያላችሁም ተጠቀሙበት። መደርደሪያው መሃል ብቻ ዞራችሁ አትመለሱ። ልጆች ክፍል ዴስኩ ጋ ያለውን ሰው ጠይቁ። ልጃችሁን ሲጠይቁት እናንተ አትመልሱለት፣ ጠብቁት። እንግሊዝኛዬ አይረባም ብላችሁ አትፈሩ፤ የእኔንም በደንብ ሰምተውኛል። የምታውቁት የተጨነቀ ወላጅ ካለም ንገሩት። እኔ ከሁለት ዓመት በፊት የሚነግረኝ ባገኝ ኖሮ ያን ሁሉ ብር ተዉት፣ ያን ሁሉ እንባ ባልከፈልኩ።

ለእሳቸው ምን እንደማደርግ ጨንቆኝ ድፎ ዳቦ ጋግሬ ወሰድኩላቸው። ለአለቃቸውም ደብዳቤ ጽፈናል። ልጄ ግን የራሱን ካርድ ሠራ። ቀይ ባቡር ሣለና ከሥሩ በራሱ እጅ «አመሠግናለሁ» ብሎ ጻፈበት። በየትኛው «ሰ» ነው የሚጻፈው ብዬ አልነዘነዝኩትም። ኮምፒውተራቸው አጠገብ ለጥፈውታል። ሄዳችሁ እሱን ካያችሁ እሳቸው ናቸው።