«ናይትፍላይት ቱ ቬነስ»፦ ዳዊትን ይዞ ዲስኮ ቤት የገባው የቦኒ ኤም ሸክላ

ቦኒ ኤም የተባለው የዲስኮ ቡድን በ1978 እ.ኤ.አ. ያሳተመውን «ናይትፍላይት ቱ ቬነስ» የተሰኘ ሸክላ ያገለገሉ ዕቃዎች ከሚሸጡበት ሱቅ ገዝቼ ሁለት ሳምንት ሙሉ ደጋግሜ አደመጥሁት። ዘፈኖቹን ከልጅነቴ ጀምሮ ከካሴትና ከድግስ ቤት አውቃቸዋለሁ፤ አልበሙን በታተመበት ቅደም ተከተል ተቀምጦ መስማት ግን የነበረኝን ግምት ለውጦታል።

መርፌው እንዳረፈ ከበሮ ይጀምራል፤ በመሣሪያ ተለውጦ የብረት ቃና የያዘ ድምፅ የጠፈሩን በረራ ያስታውቃል፤ ከዚያም ከበሮው ለአፍታ እንኳ ሳያርፍ ወደ «ራስፑቲን» ይሻገራል። ዘፈኑን ለብቻው ቆርጦ የሚሰማ ሰው ይህን መሸጋገሪያ አያገኘውም፤ ለእኔ ግን የመጀመሪያው ገጽ ውበት ያለው እዚያ ላይ ነው። በመጨረሻው የሩሲያ ንጉሥ ቤተ መንግሥት ስለነበረው መነኩሴ መሰል ሰው የሚተርከው ይህ ዘፈን ዜማው «ካቲቢም» ከሚባለው የቱርኮች የቆየ ዘፈን ጋር በጣም ይቀራረባል። በብሪታንያ የሽያጭ ሰንጠረዥ 2ኛ ደረጃ ደርሶ ነበር፤ በ2021 እ.ኤ.አ. ደግሞ እንደገና ተቀናብሮ ወደዚያው ሰንጠረዥ ሲመለስ፣ ቡድኑን ጨርሶ የማያውቁ ወጣቶች በቲክቶክ ይጨፍሩበት ነበር። ያ ወፍራም የወንድ ድምፅ መድረክ ላይ ሲጨፍር የምናየው የአሩባው ተወላጅ የቦቢ ፋረል አይደለም፤ ስቱዲዮ ውስጥ የዘፈነው ጀርመናዊው አዘጋጅ ፍራንክ ፋሪያን ነው። በዚህ ገጽ ላይ የቀሩት ዘፈኖች ደኅና ናቸው፣ ከዚያ አያልፉም።

ሸክላው ሲገለበጥ የሚመጣው «ሪቨርስ ኦፍ ባቢሎን» ነው፤ ገንዘቤን ያወጣሁትም ለእርሱ ነው። በብሪታንያ ለ5 ሳምንታት 1ኛ ሆኖ ቆይቷል፤ 2 ሚሊዮን ያህል ቅጂም ተሸጦለታል። ከአናቱ ወርዶ ሲያበቃ ሬዲዮ ጣቢያዎች የነጠላውን ሸክላ ጀርባ ማጫወት በመጀመራቸው፣ «ብራውን ገርል ኢን ዘ ሪንግ» በተራው እስከ 2ኛ ደረጃ ወጣ። ይህን ሁሉ ሽያጭ ያስገኘው ግጥም ደግሞ የስደት ልቅሶ መሆኑ ሁልጊዜ ያስደንቀኛል፤ በእኛ ዳዊት 136ኛው መዝሙር ነው፣ በባቢሎን ወንዞች ዳር ተቀምጠው ጽዮንን እያሰቡ ያለቀሱት ምርኮኞች መዝሙር። ቃል ከመሰማቱ በፊት ድምፆቹ በኅብረት ያዜማሉ፤ ከዚያም ጃማይካ የተወለደችው ሊዝ ሚቸል ሳትጮህና ሳታስመስል፣ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ እንደቆመች ሁሉ ረጋ ብላ ትዘፍነዋለች። ቤዙ ከሥሯ ያስጨፍራል፤ እርሷ ግን ኀዘኑን አትለቅም።

በሸክላው ላይ ያለኝ ቅሬታም እዚሁ ዘፈን ላይ ነው። ዘፈኑን መጀመሪያ በ1970 እ.ኤ.አ. ያወጡት ሜሎዲያንስ የተባሉ ጃማይካውያን ናቸው፤ እነርሱ በባዕድ አገር እንዴት እንዘምራለን ብለው ሲጠይቁ የሚያነሡት የንጉሥ አልፋን መዝሙር ነው። ንጉሥ አልፋ በራስ ተፈሪያን ዘንድ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ናቸው። በቦኒ ኤም ቅጂ ንጉሡ ወጥተው «ጌታ» የሚለው ቃል ገብቷል። ለውጡ ዘፈኑን ለብዙ አድማጭ ሳያቀለው አልቀረም፤ ያም ሆኖ ከዓለም የዲስኮ ዘፈኖች ሁሉ ለኢትዮጵያ በጣም ከሚቀርቡት በአንዱ ላይ የእኛ ምልክት እንዲህ በጸጥታ መነሣቱን በቀላሉ ልቀበለው አልቻልሁም።

ለመግዛት የምታስቡ ሁሉ ማሸጊያው ላይ የተጻፈውን የዘፈኖች ርዝመት አስቀድማችሁ እዩ። በቀደሙት እትሞች የመግቢያው ዘፈን ከ7 ደቂቃ በላይ ይረዝማል፤ በኋላ የወጡት 5 ደቂቃ እንኳ አይሞሉም፣ ስለዚህ ረጅሙን ፈልጉ። የእኔ ቅጂ ረጅሙ ነው፤ ጠርዙ ላይ ጭረት ስላለበት ከበሮው እስኪገባ ድረስ ይንጫጫል እንጂ ዘፈን አያዘልልም። አሁን ሁለተኛውን ገጽ በከፈትሁ ቁጥር የሜሎዲያንስን ቅጂ አስቀድሜ እሰማለሁ፤ ከዚያ ሊዝ ሚቸል ያችን ስንኝ ስትደርስ የቀረውን ስም በልቤ እሞላዋለሁ።