ለውርጭ ወቅት የሥጋ ማጨሻ፦ በርሜል ወይስ ጡብ?

ሱሉልታና ሰንዳፋ አካባቢ በኅዳርና በታኅሣሥ ሌሊቱ ውርጭ ነው። 3 ኪሎ የበሬ ወርች በ110 ዲግሪ ቀስ ብሎ እስኪበስል 7 ወይም 8 ሰዓት ስለሚፈልግ፣ ዋናው ጥያቄ ሙቀቱን ማን ይይዛል የሚለው ነው።

የ200 ሊትር በርሜል ቶሎ ይሞቃል፣ ዋጋውም ቀላል ነው። ቆርቆሮው ግን ስስ በመሆኑ ነፋስ ሲመታው ሙቀቱን ይለቃል፤ ከሰሉም ቶሎ ያልቃል። ከዚህ የሚብሰው ደግሞ ክዳኑ ነው። ጭሱ ቀዝቃዛ ክዳን ሲያገኝ ወደ ጥቁር ጠብታ ይለወጥና ሥጋው ላይ ይንጠባጠባል፤ ያ ሥጋ ይመርራል። ስለዚህ ባዶውን ለ45 ደቂቃ አሙቁት፤ የላይኛውን የጭስ መውጫ ሙሉ በሙሉ ክፈቱና እሳቱን በታችኛው የአየር ቀዳዳ ብቻ ተቆጣጠሩ። ኬሚካል የተያዘበትን በርሜል በፍጹም አትጠቀሙ።

ጡቡ ለመሞቅ 2 ሰዓት ይፈጃል፤ አንዴ ከጋለ ግን ነፋስ አይበግረውም። ለገና ብዙ ኪሎ ለሚያበስል ቤተሰብ እኛ ያለማመንታት ጡቡን እንመርጣለን። የሚበላሸው በችኮላ ነው፦ ጡቡን የሚያያይዘው ጭቃ ሳይደርቅ ትልቅ እሳት ከተለቀቀበት፣ ውስጡ ያለው ውኃ እንፋሎት ሆኖ ይሰነጥቀዋል። ጭድ የገባበት ጭቃ 3 ሳምንት ይድረቅ፤ ከዚያ ለጥቂት ቀናት ትንሽ ትንሽ እሳት ይነደድበት።

ለሁለቱም እንጨቱ ደረቅ ወይራ ይሁን። ባሕር ዛፍ ዘይት ስላለው ጭሱ ሥጋውን ያበላሻል። በዚህ ከፍታ ውኃ 92 ዲግሪ ገደማ ላይ ስለሚፈላ የሥጋው የውስጥ ሙቀት ከዚያ በላይ እንዲወጣ አትጠብቁ፤ ሹካ ያለ ትግል ከገባ ሥጋው ደርሷል።